ሁለት ጊዜ የተለቀሰላት ሐሊማ ሸበካ

ሐሊማ ሸበካ ሞተች የሚል መልእክት ባለፈው ወር ስልኬ ላይ ሲገባ ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ። ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት የጎንደር ሽማግሌ መልእክቱን በጎን አንብበውት ኖሮ ፊታቸውን አጥቁረው አዩኝ።

"ሰው ሞቶ ይሳቃል እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አባቴ፣ እኚህ ሴትዮ ከዚህ በፊትም ሞተው ያውቃሉ" አልኋቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ መኪናው ሲቆምም ቀድመው ወረዱ።

እኔም ወርጄ ለወንድሟ ለአደም ደወልሁ። ድምፁን ስሰማ ሳቄ ቆመ። የአሁኑ እውነት ነበር። ኒው ሀልፋ፣ በወንድሟ ቤት፣ ሰግዳ እንደተቀመጠች አርፋለች። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስሁ፣ አላፍርበትም። ነገር ግን ስለ እሷ ልጻፍ ብዬ በተቀመጥሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሳቅ ነው፤ ምን ላድርግ? ደግሞ ለቅሶዋን በተመለከተ ዕዳ የለብንም፤ በቁሟ ሳለች በደንብ አድርገን አልቅሰንላታል።

ያወቅኋት ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥና ማሽላ ገዝቶ በሚልክ አንድ የንግድ ድርጅት ስቀጠር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ካርቱም ስትታመስ ወደ ፖርት ሱዳን የሸሸ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ ገላባት፣ ከሰላ፣ ኒው ሀልፋና እኛ ዘንድ ነበሩ። እኔ ከጎንደር የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ የተሻገርሁ፣ ዲፕሎማዬንም በመስታወት አስገብቼ ከወንበሬ በላይ የሰቀልሁ ጎረምሳ ነበርሁ። የቅጥር ወረቀቴ "የኮምፒውተር ባለሙያ" ይላል። ሐሊማ መዝገብ ቤት ናት፤ ለሚገባና ለሚወጣ ደብዳቤ ቁጥር የምትሰጥ፣ ሃምሳ ያለፋት፣ አጠር ወፈር ያለች፣ ሥራ ሲበዛባት የቶቧን፣ የዚያን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ የምትሮጥ ሴት። በልጅነቷ ከመተማ ተሻግራ፣ ገዳሪፍ አግብታ፣ ባሏን ቀብራ፣ የሱዳን ዜግነት ይዛ የቀረች ናት።

የመጀመሪያ ቀን "እንደምን አደሩ" ብዬ ሰላምታ ሳቀርብላት ቆጣ አለች።

"አንቱ ካልኸኝ አረጀሁ ማለት ነው። እትዬ በለኝ፣ እሱ ይበቃኛል።" ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየችና፣ "እኔ ደግሞ ዲፕሎማ እልሃለሁ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገዳሪፍ ውስጥ ሌላ ስም አልነበረኝም። ሻይ የምታፈላው ሴት እንኳ "ዲፕሎማ፣ ስኳር ስንት?" ነበር የምትለኝ።

በሳምንቴ የመጋዘን ኃላፊው ኮምፒውተር ስታክ አደረገ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ከኋላው ከፍቼ አቧራውን ነፋሁለት፤ ምንም የለም። ኃላፊው ደግሞ ትዕግሥት የለውም፣ አንዷን ምልክት ሃያ ጊዜ ቀጠቀጣት። በመጨረሻ "ሐሊማን ጥሩ" አለ። ሐሊማ መጥታ ተቀመጠች፣ አጥፍታ አበራችው፣ ምልክቷን አንድ ጊዜ ብቻ ነካች፣ እጇን ጭኗ ላይ አኖረችና ለማሽኑ ሰላምታ መስጠት ጀመረች።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ኬፍ ሓልክ? ተማም? ቤተሰብ ተማም? ልጆች ተማም? ሥራው እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው? አልሐምዱሊላህ። እናትህስ? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?"

የሱዳን ሰላምታ እንዴት እንደሚረዝም የኖረበት ያውቀዋል። የእናቱ ጉልበት ላይ ስትደርስ ፋይሉ ተከፈተ።

"አየህ፣ ዲፕሎማ" አለችኝ፤ "አልታመመም። ሃያ ጊዜ ጠሩት፤ ለየትኛው አቤት ይበል? አንድ ጊዜ ጥራው፣ ሰላም በለው፣ መልሱን ጠብቅ።"

ከሰው ጋር ሳቅሁባት። ቢሮው ባዶ ሲሆን ግን በሬን ዘግቼ ሞከርሁት፣ ሠራልኝ። በአማርኛም ይሠራል፤ የእኛው ሰላምታ አጠር ስለሚል ሁለት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል እንጂ።

ሥራ አስኪያጁን እዚያ ሙዲር ነው የምንለው። ሙዲር ዑስማን ቁጡ ሰው ነው፤ ሲናደድ አንገቱ ያብጣል። አንድ ቀን ከፖርት ሱዳን አለቆች ጋር በቪዲዮ ሲሰበሰብ የገላባት ጭነት ለምን ዘገየ ብለው ወቀሱት። አንገቱ ማበጥ ጀመረ። ሐሊማ ፋይል ይዛ ከኋላው ቆማ ነበርና ከትከሻው በላይ እጇን ሰድዳ አንዲት ነገር ነካች። ሙዲሩ አላየም። አለቆቹን ከነዘር ማንዘራቸው፣ ከነቢሯቸው፣ ከነባሕራቸው አሥር ደቂቃ ሙሉ ሰደባቸው። እነሱ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ "ክቡር ሙዲር፣ ድምፅዎ አይሰማንም" ይላሉ። ሲደክመው ሐሊማ መልሳ ነካችና "አሁንስ ይሰማል?" አለች በትሕትና። "አሁን ይሰማል" አሉ። ሙዲሩ ነገሩ ገባው። ላቡን ጠረገና "ኩሉ ተማም፣ ሁሉ ደህና ነው፤ ጭነቱ እሑድ ይነሳል" አለ። አመሰገንሁሽ አላላትም፤ በበነጋው ግን ጠረጴዛዋ ሥር አንድ ሳጥን ማንጎ አገኘን። ማንጎውን እያደለችን "ቁጣ መውጣቱ ጥሩ ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው እንጂ" አለች።

ሸበካ የሚለው ቅጽል እንዴት እንደመጣ ግን የሚያስቅ አይደለም። በሱዳን ዐረብኛ ሸበካ ኔትወርክ ነው። ባንክ ብትሄድ "ሸበካ ማፊ" ይሉሃል፤ ኔትወርክ የለም። ሐኪም ቤት ሸበካ ማፊ፤ ቀበሌ ሸበካ ማፊ። ሰው ይህን ሲባል ይመለሳል፣ ክርክር የለም። ሐሊማ ብቻ አትመለስም። ፊቷ ሸበካ ማፊ ያለ ሰው ጉድ ፈላበት፤ መሰላል አስመጥታ ጣራ ላይ ትወጣለች፣ ገመድ ትከተላለች፣ ሳጥኑን ትፈታለች። እኔ መሰላሉን እይዛለሁ፤ የዲፕሎማዬ አገልግሎት እዚህ ላይ ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ ዘበኛችን ዐሊ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቷ ገዳሪፍ ውስጥ፣ በዚያ ሰው በሚያቀልጠው ሙቀት አረፈች። በእስልምና ሬሳ አያድርም፣ ቶሎ ይቀበራል። ወንድሟ አደም ኒው ሀልፋ ነው። ሐሊማ ከጧት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ድረስ ስትደውል ዋለች፤ ሸበካ ማፊ። ሽማግሌዎች "ኻላስ፣ በቃ፣ ሬሳ አይቆይም" አሉ፣ ተቀበረች። አደም በማግሥቱ መጥቶ ያገኘው አፈር ነው።

"ምናለ ብታቆዪልኝ?" አላት።

"ሸበካ አልነበረም፣ ወንድሜ።"

"በሸበካ ታሳብቢያለሽ?" አለና እንደ ቆመ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

የሚገርመው፣ አደም የእኛው የኒው ሀልፋ ቅርንጫፍ የሚዛን ሠራተኛ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ የሚልከው ደብዳቤ በእሷ እጅ ያልፋል። እሱ "ለመዝገብ ቤት" ብሎ ይጽፋል፤ ስሟን አይጠራም። እሷ ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተም መትታ፣ ጽሕፈቱን በጣቷ ዳበስ አድርጋ ታስቀምጣለች።

ይህ ነገር ትልቁን ምኞቷን ይዞባት ነበር። ሐጅ መሄድ ትፈልጋለች፤ ፓስፖርቷ የተዘጋጀ ነው። ነገር ግን ሙስሊሙ ለሐጅ ሲነሳ አስቀድሞ ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ የበደልኋችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የእናቷን ልጅ አፉ ሳታስብል በየትኛው ፊቷ ትሂድ? ሄዳ እንዳትለምነው ደግሞ ያልበደለችውን ነው፤ የእሷም አንገት ቀላል አይደለም። ሦስት ዓመት ተራዋ ደርሶ አሳለፈችው። "ዘንድሮ ጉልበቴን አሞኛል" ትለናለች። በዚያ ጉልበት ጣራ ላይ ስትወጣ እያየን መሰላል እናቀብላታለን።

እንግዲህ ይህች ሴት ነች አፕዴትን እንደ ሐጅ የያዘችው። በፊት አንድ አፕዴት ጆንያ የምትመዘግበውን ልጅ የሦስት ሳምንት ልፋት ይዞ ጠፍቶ ነበር፤ ልጅቱም አለቀሰች። ሐሊማ ይህን እንደ ኃጢአት ቆጠረችው። ከዚያ ወዲያ አፕዴት ከመጀመሯ በፊት ቶቧን አስተካክላ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች፦ "አፕዴት ልጀምር ነው። የሚጠፋ ነገር ካለ አፉ በሉኝ።" ሁሉም "አፉ ብለናል" ካላለ ጣቷን አታነሳም። አንድ ጊዜ ዐሊ በሩ ላይ ሆኖ አስቸገረ።

"ኮምፒውተር የለኝ፣ ምኑን ነው አፉ የምልሽ?"

"መብራት ቢጠፋ ራዲዮህ ሊቋረጥብህ ይችላል።"

"እንዲያ ነው? እንግዲያ አስቤበት እነግርሻለሁ" አለና ጫቱን... ሐሰት ነው፣ ትንባሆውን እየጠቀለለ እስከ ምሳ ሰዓት አስጠበቀን። የአንድ ድርጅት አፕዴት የዘበኛ ልብ እስኪራራ ቆመ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ቀን ከፖርት ሱዳን ትእዛዝ መጣ። የመልእክቱና የስብሰባው ፕሮግራም ከሥሩ ይቀየራል፤ የአራቱም ቅርንጫፍ መስመር የሚያልፈው በእኛ ዕቃ ቤት ባለው የኔትወርክ ሳጥን ስለሆነ ሥራው የእኛ ነው። ሙዲሩ ለሐሊማ ቁርጡን ነገራት፦ "ከእንግዲህ ዙረት የለም። ለሰው የምትይውን በፕሮግራሙ ላኪ።"

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሐሊማ ዕቃ ቤት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተጋድማለች፤ የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነው። የሳጥኑ ገመድ ጫፉ ላልቶ ሲለቁት ይወድቃል፤ ፕላስተር አልቋል፤ ስለዚህ በእጇ ይዛዋለች። "እኔ ልያዝልሽ?" ስላት "አንተ እጅ ላይ ነፍስም አይቆይ" አለችኝ። መልእክቷን ጽፋ አስቀምጣዋለች፤ የእኔ ሥራ መላክ ብቻ ነው። ከዐረብኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ከእንግዲህ የሚሆነውን የሚያውቅ አላህ ነው። አውቄም ሳላውቅም በድያችሁ ከሆነ አፉ በሉኝ። እኅታችሁ ሐሊማ።"

"ለገዳሪፍ ብቻ ላክ" አለችኝ ከሥር። "ኒው ሀልፋን አውጣ።"

"እሺ።"

ፕሮግራሙ ግን በግማሽ ተቀይሮ ፊቱን ለውጧል። የቅርንጫፎቹ ስም በቀኝ በኩል ይዘረዘር ነበር፤ አሁን የለም። ፈለግሁት፣ አጣሁት። ጠይቃት ይለኛል ልቤ፤ ዲፕሎማ የሰቀለ ሰው ደግሞ ይጠይቃል? ሰማያዊዋን ቁልፍ ተጫንሁ። "ለሁሉም ተልኳል" አለና ጨለመ፤ አፕዴቱ ጀመረ።

"ላክህ?"

"ላክሁ።"

"ኒው ሀልፋን አወጣህ?"

"አወጣሁ" አልሁ። ዋሸሁ።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ አዲሱን ፕሮግራም ከፖርት ሱዳን በሳተላይት ሲጠባ ዋለ፤ መልእክት አይገባም፣ አይወጣም። የከተማው ስልክም እንደ ልማዱ ያን ቀን ተኛ። ሐሊማ ለቀትሩ የዙህር ሰላት ብቻ ለሩብ ሰዓት ገመዱን አስያዘችኝና ተመልሳ ገባች። ዐሊ ሻይ አቀበላት። እኛ በሰላም ነን። ገላባትና ከሰላ ግን የሐሊማን መልእክት አንብበዋል። ሰው ከመሬት ተነስቶ ለአራት ቅርንጫፍ አፉ በሉኝ ይላል? ይህ የሚሞት ሰው ቃል ነው። "ሐሊማ፣ ምን ሆንሽ?" ብለው ጻፉ፤ መልስ የለም። ደወሉ፤ መስመሩ አይገባም። አንዱ የገላባት ሰው "ኢና ሊላሂ" ብሎ መኪና ይዞ ተነሳ፤ በመንገዱም ለሰፈሯ ነግሮ አለፈ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምቼ ብወጣ በራችን ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው። ሴቶች ቶባቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፤ ወንዶች ወንበር ያወርዳሉ፤ አንድ ሰው በግ እየጎተተ ይመጣል። ዐሊ መሃላቸው ተቀምጦ ስቅስቅ ይላል።

"ዐሊ! አንተ ቅድም ሻይ ሰጥተሃት የለም እንዴ?"

"ሰጥቻታለሁ" አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ፤ "ያኔም ፊቷ ልክ አልነበረም።"

እየሮጥሁ ወደ ዕቃ ቤት ተመለስሁ።

"እትዬ ሐሊማ፣ ሞተሻል።"

"መቼ?"

"ጧት። መልእክቱ... ሲስተሙ በራሱ ጊዜ ለሁሉም ልኮታል። ድንኳን ተተክሎልሻል።"

"ስንት ሰው መጣ?"

"መቶ ያልፋል።"

"የስፌት ቤቷ ፋጡማስ መጣች?"

"ከሁሉ በላይ የምትጮኸው እሷ ናት።"

"ውሸታሟ" አለች ደስ ብሏት። "አፕዴቱ ከመቶ ዘጠናን አልፏል፣ ሲያልቅ እወጣለሁ። የሞተ ሰው አይቸኩልም። አንተ ሂድና ንገራቸው።"

ወጥቼ ወንበር ላይ ቆምሁና ጮኽሁ፦ "ወገኖቼ፣ ሐሊማ አልሞተችም! ደህና ናት! አፕዴት ላይ ናት!" ሕዝቡ በኀዘኔታ አየኝ። አንድ ሼክ በትከሻዬ ይዘው አወረዱኝና ውሃ አጠጡኝ። "አይዞህ፣ ልጄ" አሉኝ፤ "መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው፣ አላምንም ይላል።" እንደገና ልናገር ስል ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝና ያለቅሱልኝ ጀመር።

ይህን ጊዜ ነው ከበሩ ፊት አንድ ሎሪ ገደል የሚገባ መስሎ የቆመው። ከጭነቱ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ በአቧራ የነጣ ሰው ዘለለ። ጫማ አላደረገም፤ ለካ ከሚዛኑ ላይ እንደ ቆመ ነው የተነሳው።

"እንዳትቀብሯት!" ይላል። "እኔ ሳልደርስ እንዳትቀብሯት! በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እንዳትቀብሯት!"

ማንም አልነገረኝም፤ አደም መሆኑን አወቅሁ። ያ ሁሉ ሳቅ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ባንድ ጊዜ የሠራሁት ሁሉ ታየኝ።

"የት ናት?" አለ ዐሊን ጨምድዶ።

"ውስጥ ናት" አለ ዐሊ እያለቀሰ። እውነቱን ነው።

ተከትዬው ሮጥሁ። ዕቃ ቤት ሲገባ ያየው ከጠረጴዛው ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ነው። እዚያው ወደቀ። አንዱን እግሯን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አለቀሰ። አፌን ከፈትሁ። ሁለተኛው እግሯ ቅልጥሜን መታኝ። አፌን ዘጋሁ።

"ሐሊማ፣ የእናቴ ልጅ!" አለ። "ያን ቀን ሸበካ አልነበረም። አውቄዋለሁ! ወላሂ፣ ዱሮም አውቄዋለሁ! እኔም ጧት እናታችን እንዴት አደረች ልልሽ ብደውል አልሠራልኝም ነበር። ታማለች፣ ናና እያት ስትይኝ ዛሬ ነገ እያልሁ የቀረሁት እኔ ነኝ። በራሴ ባፍር አንቺ ላይ ጣልሁት፤ ዘጠኝ ዓመት! አንቺ ምኔን በደልሽኝና አፉ በሉኝ ብለሽ ትልኪያለሽ? እኔ ነኝ አፉ በይኝ ማለት የነበረብኝ። አሁን ማን አፉ ይለኛል? ማን?"

"እኔ" አለ ጠረጴዛው።

አደም እግሯን ለቀቀ።

"አፉ ብያለሁ" አለች ሐሊማ፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሯል። "ከልቤ አፉ ብያለሁ። አሁን ሳበኝ፤ ወገቤ ደንዝዟል።"

"አዑዙ ቢላህ!" ብሎ ወደ ኋላ ሲዘል የመደርደሪያውን ፋይል በሙሉ በራሱ ላይ አወረደው። ከወረቀቱ መሃል ሆኖ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ ሁለት እግሯን ይዞ ጎተታት። ገመዱ ከእጇ ወጣ፤ አፕዴቱ ዘጠና ሰባት ላይ ደርሶ ጠፋ። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። ወለሉ ላይ ተቀምጠው አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ፣ እሱ በቆቡ ጀርባዋን ሲመታት፣ እሷ "ጫማህ የት አለ፣ አንተ?" እያለች ስትሳደብ እኔ ፋይል እለቅማለሁ ብዬ ጎንበስ አልሁ፤ ፊቴ እንዳይታይ ነው።

ሐሊማ ወደ ድንኳኑ ስትወጣ የሆነው አይነገርም። ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ እልል አለ፤ ፋጡማ ተዝለፈለፈች፣ ስትነቃ ደግሞ "ለምን አትነግሪኝም፣ ድምፄ ተዘጋ!" ብላ ተቆጣች። ሼኩ "ድንኳን ተተክሏል፣ በግ መጥቷል፤ ከራማ ይሁን፣ ለአላህ ምስጋና እንብላው" አሉ። ሐሊማ በገዛ ለቅሶዋ ላይ ሻይ አስተናገደች። ዐሊ ብቻ አላቆመም፤ "ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው" አለ።

አፕዴቱን ከሥሩ ጀመርነው፤ ሁለት ቀን መልእክት የሚባል አልነበረም። ሙዲሩ ለፖርት ሱዳን በጻፈው ሪፖርት ላይ "የመቋረጡ ምክንያት" በሚለው ቦታ "ለቅሶ" ብሎ ሞላ። በአዲሱ ፕሮግራም የመጀመሪያ ሆኖ የገባው መልእክት በሐሊማ ሞት የዋናው መሥሪያ ቤት ጥልቅ ኀዘን የሚገልጽ ነበር። ሐሊማ አተመችው፣ የገቢ ቁጥር ሰጠችው፣ ፋይል አደረገችው። "ደብዳቤ ደብዳቤ ነው" አለች።

በዚያው ዓመት ስለ ጉልበቷ ምንም ሳታነሳ ለሐጅ ተመዘገበች። ቢሮውን በእግሯ ዞራ አፉ አስባለች። የፖርት ሱዳኑ አውቶቡስ በሚነሳበት ቀን አደም ከኒው ሀልፋ መጥቶ ሻንጣዋን ይዟል፤ አዲስ ጫማ አድርጓል። እኔም ልሸኛት ሄድሁ።

"አንተስ፣ ዲፕሎማ? አፉ በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ፣ እትዬ።" ከዚያ ያ ስንት ወር ሲበላኝ የከረመው ነገር ወጣ። "እኔንም አፉ በይኝ። ሲስተሙ አይደለም። ኒው ሀልፋን ያላወጣሁት እኔ ነኝ። ቁልፉ ጠፋብኝ፤ መጠየቅ አፈርሁ፤ ዋሸሁሽም።"

"ለውሸትህ አፉ ብያለሁ" አለች። "ላልጠየቅኸው ጥያቄም አፉ ብያለሁ፤ ሁለተኛ አይልመድህ። ኒው ሀልፋን ላላወጣኸው ግን አፉ አልልህም። ለእሱ የምለው ዱዓ ነው፤ ካዕባ ስደርስ እልልሃለሁ።"

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ገባች፤ መስኮት ከፈተች። ሲንቀሳቀስ አደም ከጎኑ መሮጥ ጀመረ፤ አዲሱ ጫማ አላስኬድ ብሎታል።

"ሐሊማ! ስትደርሺ ደውዪ!"

"ሸበካ ባይኖርስ?" አለች አንገቷን አውጥታ።

"ባይኖርም አምንሻለሁ!" አለ አደም።